ትልቁ ቧንቧና ትንሹ ቫልቭ

የአቶም ሪአክተርን ከሌላው የኃይል ማመንጫ ሁሉ ለይቶ አስቸጋሪ የሚያደርገው አንድ ጠባይ አለው፤ ይኸውም ሲያጠፉት ጨርሶ የማይጠፋ መሆኑ ነው። የእንፋሎት ማሞቂያ እሳቱ ከተዳፈነ ይበርዳል። የግድብ ውኃም በሩ ከተዘጋ ተርባይኑ ይቆማል። በሪአክተር ዘንድ ግን የመቆጣጠሪያ ዘንጎቹ ወርደው የዩራኒየሙ ሰንሰለታዊ መሰንጠቅ በሴኮንዶች ውስጥ ከተገታ በኋላ እንኳ፣ ከመሰንጠቁ የተወለዱት ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገሮች ሙቀት መስጠታቸውን አያቋርጡም። ይህ ቀሪ ሙቀት ሪአክተሩ በተዘጋበት ቅጽበት ከሙሉው ኃይል 6 ከመቶ ያህል ሲሆን፣ እየቀነሰ ሄዶ ከጥቂት ሰዓታት በኋላ ወደ 1 ከመቶ ይወርዳል። ቁጥሩን ሲያዩት ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን 2,770 ሜጋዋት ሙቀት ከሚያመነጭ ሪአክተር 6 ከመቶው ከ160 ሜጋዋት በላይ ነው፤ የቆቃ ማመንጫ በሙሉ አቅሙ ሲሠራ ከሚሰጠው 43 ሜጋዋት ጋር ቢያስተያዩት፣ «ጠፍቷል» በተባለው ሪአክተር ውስጥ የቀረው ሙቀት ከሦስት ቆቃ ይበልጣል። ይህን ሙቀት እየተሸከመ የሚያወጣ ውኃ ከጎደለ የነዳጁ ዘንጎች ይግላሉ፤ የዚርኮኒየም ሽፋናቸው ከእንፋሎቱ ጋር ተዋህዶ ይቃጠላል፤ በመጨረሻም ነዳጁ ራሱ ይቀልጣል።

እንግዲህ የሪአክተር ደኅንነት ምርምር ታሪክ በአብዛኛው ይህን ውኃ የመጠበቅ ታሪክ ነው ለማለት ይቻላል። ምርምሩ በሰፊው የተካሄደባት፣ ክርክሩም በአደባባይ የተሰማባት አሜሪካ ስትሆን፣ በዚያች አገር ከሃያ ዓመታት በላይ የባለሙያው ሐሳብ ያረፈው በአንድ ትልቅ ቧንቧ መሰበር ላይ ነበር። አደጋው የመጣው ግን በአንድ ትንሽ ቫልቭ በኩል ነው። ይህም የሆነው ነገሩን የሚያውቅ ሰው ስላልነበረ አይደለም። ያወቁት መሐንዲሶች በጽሑፍ አስታውቀው ነበር፤ ጽሑፋቸው ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ሲሻገር ግን መንገድ ላይ ቀረ። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የመጀመሪያው ትልቅ ስሌት የወጣው በማርች 1957 ነው። የብሩክሄቭን ብሔራዊ ላቦራቶሪ ለአሜሪካ የአቶሚክ ኃይል ኮሚሽን ባዘጋጀውና «ዋሽ 740» በሚል ቁጥር በሚታወቀው ዘገባ፣ በከተማ አጠገብ የሚገኝ አንድ ሪአክተር የያዘው ጨረር አመንጪ ነገር ቢበተን በከፋው ሁኔታ 3,400 ሰዎች ሊሞቱ፣ 43,000 ሊጎዱና የ7 ቢሊዮን ዶላር ንብረት ሊበላሽ ይችላል ተባለ። ይህ ሊደርስ የሚችለው ምን ያህል ጊዜ አንዴ እንደሆነ ግን ዘገባው በቁጥር ሊናገር አልቻለም፤ እጅግ አነስተኛ ነው ከማለት በቀር። በዚያው ዓመት ኮንግረሱ የካሣ ኃላፊነትን የሚወስነውን የፕራይስ አንደርሰን ሕግ አወጣ። የኢንሹራንስ ኩባንያዎች በራሳቸው ሊሸከሙት ያልደፈሩትን አደጋ መንግሥት ተካፈለ ማለት ነው።

በዚያን ዘመን የነበሩት ሪአክተሮች ትናንሾች ስለነበሩ የመጨረሻው መተማመኛ ሪአክተሩን የሚከብበው የኮንክሪትና የብረት ቤት ነበር። ውስጡ ምንም ቢሆን ቤቱ ይይዘዋል ይባል ነበር። ከ1960ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ግን ኩባንያዎች ከቀድሞዎቹ ብዙ እጥፍ የሚበልጡ ሪአክተሮች ማዘዝ ሲጀምሩ ይህ መተማመኛ ተናጋ። ሚስተር ዊልያም ኤርገን የመሩት የባለሙያዎች ቡድን በ1967 ባቀረበው ዘገባ፣ የትልቅ ሪአክተር እምብርት ከቀለጠ ቤቱ ራሱ እንደሚይዘው በእርግጠኝነት መናገር እንደማይቻል ገለጠ። ስለዚህም መተማመኛው ከቤቱ ወደ ውኃው ተዛወረ። ከዚያ በኋላ ዋናው ጉዳይ እምብርቱ እንዳይቀልጥ የሚያደርገው የአስቸኳይ ጊዜ የውኃ መርጫ ሥርዓት ሆነ። ይህ ሥርዓት በእርግጥ መሥራቱን ለማረጋገጥ አንድ ትልቅ ሪአክተር ሰብሮ ማየት የማይታሰብ ስለነበር፣ ማረጋገጫው ሁሉ በኮምፒዩተር ስሌት ላይ ወደቀ።

ስሌቱ ሲነሣ የሚጠይቀው ጥያቄ ይህ ነበር፤ ወደ ሪአክተሩ የሚገባው ከሁሉ የሚሰፋው ቧንቧ እንደ ሸንኮራ አገዳ ከሁለት ተቆርጦ፣ ውኃው ከሁለቱም አፍ ቢዘረገፍ፣ በእነዚያ ጥቂት ሴኮንዶችና ደቂቃዎች ውስጥ የመጠባበቂያው ውኃ ደርሶ ነዳጁን ያድነዋልን? ጥያቄው ሞኝነት አልነበረም። ከዚህ የከፋ የውኃ መጥፋት ሊታሰብ አይችልምና፣ ትልቁን ስብራት የቻለ ሥርዓት ትንሹን እንደሚችል ማሰብ ለማንኛውም መሐንዲስ የሚቀና ነው። ድልድይ የሚሠራ ሰው ከባዱን ጭነት አስቦ ይሠራል፤ ለብስክሌት ለብቻው አይጨነቅም።

በ1970 መጨረሻ በአይዳሆ በረሃ «ሴሚስኬል» በተባለ፣ ከእውነተኛው ሪአክተር ጋር ሲነጻጸር መጫወቻ በሚያህል መሣሪያ ላይ በተከታታይ በተደረጉ ሙከራዎች ያልተጠበቀ ነገር ታየ። የመጠባበቂያው ውኃ ተረጨ፤ ነገር ግን ከታች እየተገፋ በሚወጣው እንፋሎት ተመልሶ ወደ እምብርቱ ሳይደርስ በተሰበረው ቧንቧ ወጣ። መሣሪያው ትንሽ ስለነበረ ውጤቱ ለትልቅ ሪአክተር ይሠራል ወይስ አይሠራም የሚለው አከራካሪ ነበር። ቢሆንም ኮሚሽኑ ዝም ሊል አልቻለም። በ1971 ጊዜያዊ መመዘኛ አወጣ፤ በጃንዋሪ 1972ም በመመዘኛው ላይ ይፋ ስሚ ተከፈተ።

ስሚው ለጥቂት ሳምንታት ይቆያል ተብሎ ታስቦ ከአንድ ዓመት በላይ ፈጀ፤ መዝገቡም ከሃያ ሺህ ገጽ በላይ ሆነ። «የተቆርቋሪ ሳይንቲስቶች ኅብረት» የተባለውን ማኅበር ወክለው የቀረቡት ፕሮፌሰር ሄንሪ ኬንዳልና ሚስተር ዳንኤል ፎርድ የኮሚሽኑን የራሱን ባለሙያዎች በጥያቄ ሲያፋጥጡ፣ በአይዳሆና በኦክ ሪጅ ላቦራቶሪዎች የሚሠሩ አያሌ ተመራማሪዎች በስሌቶቹ ላይ ያላቸውን ጥርጣሬ በመሐላ ቃል አስረዱ። መሥሪያ ቤታቸው ዋሽንግተን ሆኖ «ተረጋግጧል» ሲል እነርሱ በረሃ ላይ ሆነው «ገና ነው» ይሉ ነበር።

የስሚው ፍሬ በ1974 መጀመሪያ በሥራ ላይ የዋለው ጥብቅ ደንብ ነው። የነዳጁ ሽፋን ሙቀት በምንም ሁኔታ ከ1,204 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንዳያልፍ፣ ሽፋኑ ከውፍረቱ 17 ከመቶ በላይ እንዳይቃጠል ተወሰነ። በስሌቱ ውስጥ ያለው የማይታወቅ ነገር ሁሉ ወደ መጥፎው ጎን እንዲተረጎም፣ ቀሪው ሙቀትም ከሚታወቀው በ20 ከመቶ ከፍ ተደርጎ እንዲወሰድ ታዘዘ። ይህ ደንብ ለጥንቃቄ የሚመሰገን ነው። ቁጥሮቹን ማጥበቅ ግን ጥያቄውን አያሰፋም። ደንቡ የተለያየ ስፋት ያላቸው ስብራቶች ሁሉ እንዲሰሉ ቢያዝም፣ ገንዘቡም ጭንቀቱም የተከማቸው በትልቁ ላይ ነበር። በዘመኑ የነበሩት የስሌት ፕሮግራሞችም ለትልቁ የተሰፉ ነበሩ። ውኃና እንፋሎት እንደ አንድ የተቀላቀለ አረፋ አብረው ይፈስሳሉ ብለው ይነሣሉ፤ ይህም ሁሉ ነገር በሴኮንዶች ሲዘረገፍ ለእውነት የቀረበ ነው። ቀዳዳው ትንሽ ሲሆን ግን ነገሩ በሰዓታት ይጓዛል። ውኃው ወደ ታች፣ እንፋሎቱ ወደ ላይ ለመለየት ጊዜ ያገኛሉ። ከሁሉም በላይ በሰዓታት ውስጥ የሰው እጅ ይገባል። በትልቁ ስብራት ስሌት ውስጥ የሰው እጅ ለመግባት ጊዜ አልነበረውምና በስሌቱም ውስጥ ቦታ አልተሰጠውም።

ሌላ መንገድ የቀደዱት የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም መምህር ፕሮፌሰር ኖርማን ራስሙሰን ናቸው። በእርሳቸው መሪነት የተዘጋጀው «ዋሽ 1400» የተባለው ጥናት በኦክቶበር 1975 ሲታተም፣ «ትልቁ ቢሰበርስ» ከማለት ይልቅ «ምን ምን ሊበላሽ ይችላል፣ ስንት ጊዜስ አንዴ?» ብሎ ጠየቀ። እያንዳንዱን ብልሽት እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ እየተከተለ፣ የእምብርት መቅለጥ በአንድ ሪአክተር በ20,000 ዓመት አንዴ ገደማ ሊደርስ ይችላል ሲል ደመደመ። ጋዜጦች ያነሡት ይህን ቁጥርና በጥናቱ ማጠቃለያ ላይ የሰፈረውን ከሰማይ ከሚወድቅ ድንጋይ ጋር የተደረገውን ንጽጽር ነው። ለሙያው ይበልጥ የሚጠቅመው ውጤት ግን ማንም ሳያጎላው አለፈ። ለአደጋው ዋናውን ድርሻ የሚይዙት ትልልቆቹ ስብራቶች ሳይሆኑ ትናንሽ ቀዳዳዎች፣ ተራ የሥራ መስተጓጎሎችና የሠራተኛ ስሕተቶች ናቸው ይል ነበር። በ1978 በፕሮፌሰር ሃሮልድ ሉዊስ የተመራ ገምጋሚ ኮሚቴ የጥናቱን ዘዴ አመስግኖ፣ የቁጥሮቹን እርግጠኝነትና የማጠቃለያውን አቀራረብ ነቀፈ። ተተኪው የኑክሊየር ተቆጣጣሪ ኮሚሽንም በጃንዋሪ 1979 ለማጠቃለያው ሰጥቶት የነበረውን ድጋፍ አነሣ። ከቁጥሩ ጋር ስለ ትንሹ ቀዳዳ የተነገረውም አብሮ ተዘነጋ። ሁለት ወር አልፎ ሦስተኛው ሳይሞላ ነገሩ በተግባር ታየ።

ታሪኩን ለመረዳት ስለ አንድ መሣሪያ ማወቅ ያስፈልጋል። በግፊት በሚሠራ የውኃ ሪአክተር ውስጥ ውኃው ከ300 ዲግሪ በላይ ግሎ ሳይፈላ የሚቆየው በ150 አትሞስፌር ግፊት ስለሚታመቅ ነው። ውኃ በባሕር ወለል ላይ በ100 ዲግሪ ሲፈላ በአዲስ አበባ ከፍታ በ92 ዲግሪ ገደማ እንደሚፈላ የሚያውቅ ሁሉ ነገሩ አይከብደውም፤ ግፊቱ ከወረደ ያው ውኃ ባለበት ሙቀት ይፈላል። ግፊቱን የሚጠብቀው ከሪአክተሩ ጋር በቧንቧ የተገናኘ፣ ግማሹ ውኃ ግማሹ እንፋሎት የሆነ «ፕሬሹራይዘር» የሚባል ረጅም ጋን ነው። በአናቱ ላይ ግፊቱ ሲበዛ የሚከፈት፣ ሲቀንስ የሚዘጋ ማስተንፈሻ ቫልቭ አለ። የሪአክተሩ ዋና ጋን ግን ምን ያህል ውኃ እንደያዘ የሚያሳይ መለኪያ አልነበረውም። ሠራተኞች የውኃውን መጠን የሚገምቱት በፕሬሹራይዘሩ ውስጥ ያለውን ከፍታ አይተው ነበር። እርሱ ሞልቶ ከተገኘ ሁሉም ሞልቷል ይባል ነበር።

በሴፕቴምበር 24 ቀን 1977 በኦሃዮ ክፍለ ሀገር በዴቪስ ቤሲ ማመንጫ ይህ ማስተንፈሻ ቫልቭ ተከፍቶ ሳይዘጋ ቀረ። ቀዳዳው ከጋኑ አናት ላይ ስለነበር ግፊቱ ወረደ። በሌላው ክፍል ያለው ውኃ መፍላት ጀመረ፤ እንፋሎቱም ውኃውን ወደ ፕሬሹራይዘሩ ገፋው። መለኪያው ውኃው እየጎደለ ሳለ እየሞላ መሆኑን አሳየ። ሠራተኞቹም ሞልቷል ብለው የመጠባበቂያውን መርጫ ዘጉ። ደግነቱ ሪአክተሩ ይሠራ የነበረው በ9 ከመቶ ኃይል ብቻ ነበርና፣ ከ20 ደቂቃ ገደማ በኋላ ቫልቩ ክፍት መሆኑ ተደርሶበት ተዘጋ። ጉዳት አልደረሰም።

ሪአክተሩን የሠራው የባብኮክና ዊልኮክስ ኩባንያ የመጠባበቂያ ውኃ ስሌት ክፍል ኃላፊ የነበሩት ሚስተር በርት ደን ግን ጉዳት አለመድረሱ አላጽናናቸውም። በፌብሩዋሪ 1978 በጻፉት የውስጥ ማስታወሻ፣ ሪአክተሩ በሙሉ ኃይል ላይ ቢሆን ኖሮ እምብርቱ ከውኃ ተራቁቶ ነዳጁ የመጎዳቱ ነገር የማይቀር ሊሆን ይችል እንደነበር አስጠንቅቀው፣ ሠራተኞች ውኃው ከመፍያው በታች መሆኑን ሳያረጋግጡ መርጫውን እንዳይዘጉ መመሪያ እንዲላክ ጠየቁ። ማስታወሻው ከስሌት ክፍል ወደ ሥልጠናና አገልግሎት ክፍል ተላለፈ። ያኛው ክፍል ደግሞ ሐሳቡ ሌላ ችግር እንዳያመጣ ጥያቄ አነሣ፤ ጥያቄው የሚገባውን መልስ ሳያገኝ ወራት አለፉ። መመሪያውም ለማመንጫዎቹ ሳይላክ ቀረ።

ከዚሁ ጋር በማይገናኝ ሌላ መንገድ፣ የቴነሲ ሸለቆ ባለሥልጣን መሐንዲስ ሚስተር ካርል ማይክልሰን ስለ ትናንሽ ስብራቶች በራሳቸው እጅ እያሰሉ፣ የፕሬሹራይዘሩ መለኪያ ሠራተኛን ሊያሳስት እንደሚችል ደርሰውበት ነበር። ጥናታቸው በ1978 ለሪአክተሩ ሠሪ ኩባንያ ደረሰ፤ አስቸኳይ ተብሎ ግን አልተያዘም። ሦስተኛው ሰው የተቆጣጣሪው ኮሚሽን ኢንስፔክተር ሚስተር ጄምስ ክረስዌል ነበሩ። በዴቪስ ቤሲ የታየው ነገር በወጉ እንዲመረመር ከአንድ ዓመት በላይ አለቆቻቸውን ወትውተው መልስ ሲያጡ፣ በማርች 1979 ሁለት ኮሚሽነሮችን በቀጥታ አነጋገሩ። ይህ የሆነው አደጋው አንድ ሳምንት እንኳ ሳይቀረው ነው።

ሦስቱም ሰዎች እርስ በርሳቸው አይተዋወቁም ነበር ማለት ይቻላል። የሦስቱ ሐሳብ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ቢገናኝ ኖሮ አንዱ የሌላውን ያጸና ነበር። ነገር ግን አንዱ በአምራቹ፣ አንዱ በገዢው፣ አንዱ በተቆጣጣሪው ቤት ውስጥ ነበሩ፤ በየቤቱም የሰነዱ መንገድ ወደ ላይ እንጂ ወደ ጎን አልተቀየሰም።

ማርች 28 ቀን 1979 ማለትም መጋቢት 19 ቀን 1971 ዓ.ም. ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ፣ በፔንሲልቬንያ ክፍለ ሀገር በሰስኩሃና ወንዝ መካከል በምትገኘው ስሪ ማይል አይላንድ ደሴት ላይ ያለው ሁለተኛው ሪአክተር በ97 ከመቶ ኃይል እየሠራ ሳለ የእንፋሎት ማመንጫዎቹ ውኃ ማቅረቢያ ፓምፖች ቆሙ። ተርባይኑ ተዘጋ፤ ግፊት ጨመረ፤ ማስተንፈሻው ቫልቭ ተከፈተ፤ በስምንት ሴኮንድ ውስጥም ሪአክተሩ ራሱን አጠፋ። እስከዚህ ድረስ ሁሉም በሥርዓቱ ነበር። ግፊቱ ሲወርድ ግን ቫልቩ አልተዘጋም። በመቆጣጠሪያው ክፍል ሰሌዳ ላይ ያለው መብራት ጠፋ፤ ሠራተኞቹም ተዘጋ ብለው አመኑ። መብራቱ ግን የሚያመለክተው ቫልቩ የት እንዳለ ሳይሆን እንዲዘጋ መታዘዙን ብቻ ነበር።

ከሁለት ደቂቃ በኋላ የመጠባበቂያው መርጫ በራሱ ተነሥቶ ውኃ መርጨት ጀመረ። ብዙ ክርክር የተደረገበት፣ በብዙ ሺህ ገጽ የተሟገቱለት ሥርዓት እንደታሰበው ሠራ። ጥቂት ደቂቃዎች ሳይቆይ ሠራተኞቹ ራሳቸው ቀነሱት፤ ፕሬሹራይዘሩ እየሞላ ነበርና። ፕሬሹራይዘሩ ጨርሶ ከሞላ የግፊት መቆጣጠሪያው እንደሚታጣ፣ ይህም በምንም ዓይነት እንዳይሆን በሥልጠናቸው ሁሉ የተነገራቸው ነገር ነው። ከመቶ በላይ የማስጠንቀቂያ ድምፆችና መብራቶች በአንድ ጊዜ ይጮኹ፣ ይበሩ ነበር። ከቫልቩ በኋላ ያለው ቧንቧ መጋሉ ቢታይም፣ ቫልቩ ከዚያ በፊትም ያንጠባጥብ ስለነበር እንደ ተለመደ ነገር ተቆጠረ። ዋናዎቹ ፓምፖች ከውኃ ጋር የተቀላቀለ እንፋሎት እየሳቡ መንቀጥቀጥ ሲጀምሩ፣ እንዳይሰበሩ ተፈርቶ ከአንድ ሰዓት ከሩብ ገደማ በኋላ ሁለቱ፣ ከአንድ ሰዓት ከ40 ደቂቃ በኋላ ደግሞ የቀሩት ሁለቱ ተዘጉ። ያን ጊዜ እንፋሎቱ ወደ ላይ፣ ውኃው ወደ ታች ተለየ፤ የእምብርቱም አናት ተራቆተ። አደጋው ከጀመረ ሁለት ሰዓት ከ22 ደቂቃ ሲሆን ለተራው የመጣ አንድ የፈረቃ ኃላፊ ነገሩን በአዲስ ዓይን አይቶ ከማስተንፈሻው ቀጥሎ ያለውን መዝጊያ ቫልቭ ዘጋ። ቀዳዳው ተደፈነ፤ ነዳጁ ግን መቅለጥ ጀምሮ ነበር። ከቀኑ 7 ሰዓት ከ50 ላይ ከዚርኮኒየሙ መቃጠል የወጣው ሃይድሮጂን በሪአክተሩ ቤት ውስጥ ነደደ። ቤቱ ቻለው።

ወደ ውጭ የወጣው ጨረር አነስተኛ ነበር። በ16 ኪሎ ሜትር ዙሪያ ለሚኖረው ሕዝብ የደረሰው መጠን በአማካይ ወደ 0.08 ሚሊሲቨርት እንደሆነ ተገምቷል። ይሁን እንጂ ከሁለት ቀን በኋላ የክፍለ ሀገሩ ገዥ ነፍሰ ጡር ሴቶችና ሕፃናት እንዲርቁ ሲመክሩ፣ ከመቶ ሺህ የሚበልጥ ሰው ቤቱን ዘግቶ ወጣ። በተቆጣጣሪው ኮሚሽን ውስጥ በጋኑ አናት የተጠራቀመው ሃይድሮጂን ሊፈነዳ ይችላል የሚል ስሌት ወጥቶ ቅዳሜና እሑዱን በጭንቀት አሳለፈ። ጋኑ ውስጥ የሚያፈነዳ ኦክሲጅን እንደሌለ በኋላ ተረጋገጠ።

ፕሬዚዳንት ካርተር ያቋቋሙት መርማሪ ኮሚሽን ሊቀ መንበር የዳርትማውዝ ኮሌጅ ፕሬዚዳንት ፕሮፌሰር ጆን ኬሜኒ፣ ራሳቸው የሒሳብ ሰውና «ቤዚክ» የተባለውን የኮምፒዩተር ቋንቋ ከፈለሰፉት ሁለት ሰዎች አንዱ ነበሩ። በኦክቶበር 1979 ያቀረቡት ዘገባ ሠራተኞቹ መርጫውን መዝጋታቸው አደጋውን እንዳከፋው ሳይሸሽግ፣ ከሠራተኞቹ ጀርባ ያለውን ሁሉ መረመረ። ከተገለጡት ነገሮች አንዱ ለስሌት ባለሙያ ከሁሉ የሚከብድ ነው። ሠራተኞቹ የሠለጠኑበት ሲሙሌተር፣ ማለትም የሪአክተሩን ጠባይ በኮምፒዩተር የሚያስመስለው የመለማመጃ ክፍል፣ ግፊት እየወረደ ሳለ የፕሬሹራይዘሩ ውኃ ከፍ የሚልበትን ሁኔታ ማሳየት አይችልም ነበር። በፕሮግራሙ ውስጥ አልነበረም። ስለዚህ እነዚያ ሰዎች በዚያ ሌሊት ያዩት ነገር በትምህርታቸው ዓለም ውስጥ ሊሆን የማይችል ነገር ነበር። ባዩት ላይ ከመተማመን ይልቅ በተማሩት ላይ መተማመናቸው አይፈረድበትም።

ዘገባው ብዙ ለውጥ አመጣ። የቫልቩን ትክክለኛ አቋም የሚያሳይ መለኪያ፣ ውኃው ከመፍያው ምን ያህል እንደራቀ የሚያሳይ መሣሪያ፣ ብልሽቱ ምን እንደሆነ ባይታወቅም ከምልክቱ ተነሥቶ የሚሠራበት መመሪያ በየማመንጫው ገባ። ማመንጫዎቹ እርስ በርሳቸው የብልሽት ወሬ የሚለዋወጡበት ተቋም በዚያው ዓመት መጨረሻ ተመሠረተ። በአይዳሆ ደግሞ «ሎፍት» የተባለው 50 ሜጋዋት ሙቀት የሚያመነጭ የሙከራ ሪአክተር ነበር። ለትልቁ ቧንቧ ስብራት ታስቦ ከአሥር ዓመት በላይ ሲሠራ ቆይቶ፣ የመጀመሪያውን የኑክሊየር ሙከራ ያደረገው አደጋው ሊደርስ ከአራት ወር ያነሰ ሲቀረው በዲሴምበር 1978 ነው። ነዳጁም ከተተነበየው በታች ግሎ በሰላም በረደ፤ ለትልቁ ስብራት የተደረገው ጥንቃቄ ከበቂ በላይ እንደነበር ታየ። ከስሪ ማይል አይላንድ በኋላ ይኸው ሪአክተር ወደ ትንሹ ስብራት ዞረ። አዲሶቹ የስሌት ፕሮግራሞችም ውኃንና እንፋሎትን ለየብቻቸው እየተከተሉ ማስላት ጀመሩ።

ሪአክተሩ ውስጥ በእርግጥ ምን እንደሆነ ግን ለሦስት ዓመታት ያወቀ አልነበረም። ብዙ ባለሙያዎች ነዳጁ ተሰባብሯል እንጂ አልቀለጠም ይሉ ነበር። በጁላይ 1982 በቀጭን ቧንቧ በኩል ትንሽ የቴሌቪዥን ካሜራ ወደ እምብርቱ ወረደ። ነዳጁ ሊገኝበት በሚገባው ቦታ ካሜራው አንድ ሜትር ተኩል ያህል ባዶ ጨለማ አገኘ፤ ከታቹም የፍርስራሽ ክምር። ከሦስት ዓመት በኋላ ካሜራው በጋኑ ግርጌ ሲገባ ቀልጦ የፈሰሰና እንደ ድንጋይ የረጋ ነገር ታየ። በመጨረሻው ግምት ከእምብርቱ ግማሽ ያህሉ ቀልጧል፤ 19 ቶን ያህሉም ከጋኑ ወለል ላይ ወርዷል። የጋኑ ብረት በአንድ ቦታ ወደ 1,100 ዲግሪ እንደጋለ፣ ቢሆንም እንዳልተበሳ፣ ከብረቱ ላይ ተቆርጠው በወጡ ናሙናዎች በብዙ አገሮች ላቦራቶሪዎች ተረጋገጠ። ለምን እንዳልተበሳ ስሌቶቹ ወዲያው ሊያስረዱ አልቻሉም። ለመቅለጥ አደጋ የተዘጋጁት እንደ «ሜልኮር» ያሉ ፕሮግራሞች እስከ ዛሬ ከሚፈተኑባቸው ጥቂት እውነተኛ መረጃዎች አንዱ ይህ ሌሊት ነው። በ2011 በፉኩሺማ ሦስት ሪአክተሮች ሲቀልጡ፣ በማይታየው ውስጣቸው ምን እንዳለ ለመገመት የተነሡት ከእነዚሁ ፕሮግራሞች ነው። በዚያም ቢሆን በእጅ የተያዘው የመጀመሪያው የቀለጠ ነዳጅ ናሙና፣ 0.7 ግራም የሚመዝን፣ የወጣው በኖቬምበር 2024 ነው።

ስሌቱ ሲያልቅ ቆሻሻው ይቀራል። ከ1985 እስከ 1990 ሠራተኞች ከጋኑ በላይ በተዘረጋ መድረክ ላይ ቆመው፣ ረጃጅም መሣሪያዎች በውኃው ውስጥ እየሰደዱ ፍርስራሹን ሲቆርጡና ሲለቅሙ ቆዩ። የተለቀመው ነገር ከ300 በሚበልጡ የብረት ማሸጊያዎች ተሞልቶ፣ በባቡር አገሪቱን አቋርጦ ወደ አይዳሆ ተላከ። ያረፈውም «ሎፍት» በነበረበት በዚያው የሙከራ መንደር ነው። ትልቁ ቧንቧ ቢሰበር ምን ይሆናል ተብሎ በተጠየቀበት ሥፍራ፣ የትንሹ ቫልቭ ፍርስራሽ በውኃ ገንዳ ውስጥ ተቀመጠ።

ፍርስራሹ ለመጋዘን የሚመች ነገር አልነበረም። ጤነኛ ያገለገለ ነዳጅ በሽፋኑ ውስጥ እንደታሸገ ስለሚቆይ ይቆጠራል፣ ይመዘናል፤ ይህ ግን ዩራኒየም፣ ዚርኮኒየም፣ ብረትና ብር አብረው ቀልጠው የረጉበት ጥርቅም ነው። እርጥበት ከቀረበትም ጨረሩ ውኃውን እየሰነጠቀ ሃይድሮጂን ያወጣል። ስለዚህ ማሸጊያዎቹ ከገንዳው ወጥተው በባዶ አየርና በሙቀት ደርቀው፣ እስከ 2001 ድረስ በዚያው ግቢ ወደ ሌላ ሥፍራ ተዛውረው በኮንክሪት ጎጆዎች ውስጥ ገቡ። ጋዙ እንዳይጠራቀም በማጣሪያ በኩል ይተነፍሳሉ።

ይህ ጊዜያዊ ማረፊያ ነው ተብሏል። በ1982 የወጣው ሕግ መንግሥት ከ1998 ጀምሮ ያገለገለ ነዳጅን እንዲረከብ ያዝዝ ነበር። በ1987 ኮንግረሱ የኔቫዳውን የካ ተራራ ብቻ እንዲጠና ወሰነ፤ በ2002 ሥፍራው ጸደቀ፤ የፈቃድ ማመልከቻው በ2008 ቀረበ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ግን መንግሥት ከሐሳቡ ተመለሰ፤ ገንዘቡም ተቋረጠ። ፊንላንድ በኦልኪሉኦቶ ከ400 ሜትር በላይ በሚጠልቅ ጥንታዊ ዐለት ውስጥ የቆፈረችውን መቃብር በ2024 መሞከር ስትጀምር፣ አሜሪካ ከርሰ ምድሯን ገና አልመረጠችም። አይዳሆ ግን በሥሯ ለእርሻና ለመጠጥ የሚያገለግል ሰፊ የከርሰ ምድር ውኃ ስላላት፣ በ1995 ከፌዴራሉ መንግሥት ጋር በፍርድ ቤት የጸና ስምምነት አድርጋለች። በዚህ ስምምነት መሠረት ያገለገለው ነዳጅ ሁሉ ከግዛቷ እንዲወጣ የተወሰነው እስከ 2035 መግቢያ ድረስ ነው። ከነዳጁ አንድ ከመቶ የሚያህለው ሊለቀም ያልቻለው ቅሪት አሁንም በደሴቲቱ ላይ፣ በሁለተኛው ሪአክተር ጋንና ቧንቧዎች ውስጥ ይገኛል።